በገመድ ቀዳዳ ያየኋት ሚጣ

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም ያየሁት በአንድ ዓይኔ ነው። ሁለተኛው ዓይኔ ተጨፍኗል፣ አፍንጫዬ ቺፑድ ላይ ተደፍጥጧል፣ እግሮቼ ደግሞ እናቴ ጠዋት አንጥፋው የሄደችውን አልጋ ያተራምሳሉ። መግቢያ የጠየቀኝ ሰው የለም። ስለ ፊልም የማውቀውም አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኃጢአት መሆኑን።

ስድስት ዓመት ተኩል ሆኖኛል። "ተኩሏን" የሚረሳብኝ ሰው ካለ እቀየመው ነበር። ክረምት ስለሆነ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ላፍቶም እንደ ዛሬው ሕንፃ በሕንፃ አልሆነችም፤ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ካሉ ጭቃው ጫማ ያስቀራል። እናቴ ወጋየሁ ነፋስ ስልክ አካባቢ ባለ አንድ የላስቲክ ጫማ ፋብሪካ ትሠራለች። እኔን የምታስቀምጥበት ሰው የላትም። ዘመዶቻችን በሙሉ ያሉት ሆሳዕና ነው፤ የግቢው ተከራዮችም እንደሷው ጠዋት ወጥተው ሲመሽ የሚገቡ ናቸው። ስለዚህ ምሳዬን በሳህን ትከድናለች፣ ፖፖዬን ከበሩ ሥር ታስቀምጣለች፣ ግንባሬ ላይ እጇን ጭና ትጸልያለች፣ ከዚያ ከውጭ በጓጉንቸር ቆልፋብኝ ትሄዳለች።

"ማነው ካንቺ ጋር ያለው?" ትለኛለች በሩን ከመግጠሟ በፊት።

"ጌታ ነው።"

"በሩን ለማን ነው የምትከፍቺው?"

"ለማንም!"

ልክፈት ብልስ እንዴት አድርጌ? የተቆለፈው ከውጭ ነው። ግን ጥያቄና መልሱን ሁለታችንም እንወደው ነበር።

ዛሬ የአጸደ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ከተማሪዎቼ አንዷ ቀኑን ሙሉ ተቆልፎባት እንደምትውል ብሰማ ወላጆቿን ቢሮ አስጠርቼ ቁም ስቅላቸውን አሳያቸዋለሁ። እናቴ ላይ ግን አልፈርድም። ያኔ ከኔ ዕድሜ በአራት ዓመት ታንስ ነበር፤ ሌላ መንገድም አልነበራት። ደግሞ ያን ክረምት ብቻዬን አልነበርኩም። ይህን በሙሉ ለማወቅ ግን ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ያኔማ ብቸኛ ነበርኩ። ቃሉን አላውቀውም እንጂ ነገሩን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከትራሱ ጋር ተጣልቼ እታረቃለሁ፣ ማንኪያና ሹካን አጋባለሁ፣ የተጋቡትን አፋታለሁ፣ እሱም ይሰለቸኛል። ያን ጊዜ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ።

የኛ ክፍል በአከራያችን በጋሽ ዋቅቶላ ግቢ ውስጥ በተርታ ከተሠሩት ቤቶች የመጨረሻዋ ነበረች። ጋሽ ዋቅቶላ የላፍቶ ተወላጅ ናቸው፤ ግቢው ከአባታቸው የእርሻ መሬት የተረፈ ነው። በሬ መጥመድ ሲተዉ ክፍሎች ሠርተው ማከራየት ጀመሩ፤ ከኛ ጋር ግድግዳ የምትጋራዋን የመንገድ ዳሯን ክፍል ደግሞ ቪዲዮ ቤት አደረጓት። አራት አግዳሚ ወንበር፣ በብርድ ልብስ የተጋረደ መስኮት፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ። በኛና በነሱ መካከል ያለው ቺፑድ ነው። አምፖላችንን የሚያበራው ገመድ ከነሱ በኩል ቺፑዱን በስቶ ይገባል፤ የበሳው ሰው እጁ አልቆጠብ ብሎት ቀዳዳውን ከገመዱ በጣም አስፍቶታል።

ከቸርች እኛን ልትጠይቅ የምትመጣው እህት ጸሐይወርቅ ያንን ግድግዳ ባየች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል።

"ወጋየሁ፣ እህቴ፣ ከሰይጣን ጋር በቺፑድ ተጋርደሽ ነው እኮ የምትኖሪው" ትላለች።

"እውነትሽን ነው" ትላለች እናቴ ዓይኗን ሰበር አድርጋ። "ሌላ ቤት እየፈለግኩ ነው።"

እኔ ደግሞ ነገርን እንደወረደ የምቀበል ልጅ ነበርኩ። ሰይጣን ከቺፑዱ ማዶ ነው ከተባለ ከቺፑዱ ማዶ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ የቪዲዮ ቤቱ በር ተከፍቶ ጎረምሶች መግባት ሲጀምሩ፣ ሰይጣን ሥራ የሚገባው ከምሳ በኋላ መሆኑን ተረዳሁ። ጋሽ ዋቅቶላ እንግዲህ ወይ ራሳቸው ናቸው፣ ወይ ተቀጣሪው ናቸው። ረጅም ካፖርት ይለብሳሉ፣ ቦቲ ጫማ ያደርጋሉ፣ ሲስሉ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እንደዚያም ሆኖ በሐሳቤ እንኳ አንቱ እያልኩ ነበር የምጠረጥራቸው፤ እናቴ በሥርዓት ነው ያሳደገችኝ።

በሐምሌ አጋማሽ በአንዱ ቀን ከማዶ ድምፅ ጠፋ። የዘወትሩ ተኩስ የለም፣ የህንድ ዘፈኑም የለም። የሰው ትንፋሽ ብቻ። እንዲህ ያለ ዝምታ ከተኩስ ይልቅ ያጓጓል፤ አልጋው ላይ ወጥቼ ዓይኔን ቀዳዳው ላይ አደረግኩ።

መጀመሪያ ያየሁት ጨለማ ነው። ቀጥሎ የዴኩን መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያው ሥር ደግሞ የቴሌቪዥኑን የታችኛውን ጥግ፤ ከመሐረብ የማይበልጥ ብርሃን። በዚያ ብርሃን ውስጥ ሁለት ባዶ እግሮች ቆመዋል። የልጅ እግሮች፣ የኔን የሚያክሉ። ከላያቸው የነጭ ቀሚስ ጠርዝ ይታያል። እግሮቹ በጥቁር ጣውላ ላይ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ፣ የመብራት ጭላንጭልም አብሯቸው ይሄዳል። ይቆማሉ። ጣቶቹ እጥፍ ይላሉ። እኔም ሲበርደኝ እንደዚያ ነው የማጥፋቸው።

ከወገብ በላይዋን አንድም ቀን አላየኋትም። አላስፈለገኝምም፤ የቀረውን ራሴ ሞላሁት። ፀጉሯ እንደኔ ሹሩባ ነው፣ የፊት ጥርሷ እንደኔ ወልቋል፣ እናቷ ፋብሪካ ሄዳለች። ስሟን ስለማላውቅ ሚጣ አልኳት።

ሚጣ በትልቅ ጨለማ ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት። ክፍል ለክፍል ትዞራለች፣ በማላውቀው ቋንቋ ትጣራለች፣ የሚመልስላት የለም። ኋላ ላይ ትላልቅ ጥቁር ቡትስ ጫማዎች ይመጣሉ። ሚጣ ትሮጣለች፣ አንድ በር ውስጥ ትገባለች፣ በሩ ጓ ብሎ ይዘጋባታል። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ድርግም ይላል።

የሚያስፈራው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጨለማው ውስጥ ጎረምሶቹ ሲያጉረመርሙ፣ በኔ ግድግዳ ላይ፣ ከጆሮዬ አጠገብ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ሚጣ ናት! በር ዘግተውባት ግድግዳውን እየደበደበች ነው። ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብቼ ተጠቀለልኩ፣ ትንሽ ቆይቼ አፈርኩ፣ ተመልሼ በጣቴ አጥንት ሁለት ጊዜ አንኳኳሁላት። ኳ፣ ኳ። ማዶም ጸጥ አለ። ሰምታኛለች ማለት ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ክረምቱ ሌላ ክረምት ሆነ። ፊልሙ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ይታያል። በሌሎቹ ቀናት ተኩስና ዘፈን ይሆናል፤ በመሐል ጸጥ ሲል ግን ኳኳታው አይቀርም። እመልስላታለሁ። የሆንኩትን ሁሉ በቀዳዳው አወራላታለሁ። ከምሳዬ ትንሽ ዳቦ ቆርሼ በገመዱ ጎን እገፋላታለሁ፤ በማግስቱ የለም። አይጥ በልቶት ይሆናል ብዬ ያሰብኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ በላችው፣ አለቀ።

የቀረኝ አሳሪውን ማወቅ ነበር፤ እሱም አልከበደኝም። ሃሩን የሚባል ድምፀ ጎርናና ጎረምሳ ሁልጊዜ ከፊት ይቀመጣል፤ በቀዳዳው ሸራ ጫማው ይታየኛል። አንድ ቀን ገና ሚጣ እግሯን ብቅ ስታደርግ ሃሩን ጮኸ።

"ኧረ ጋሼ! ዛሬም ይቺን ልጅ ሊያስገቧት ነው? መጨረሻዋን ሳናይ እኮ ክረምቱ አለቀ! ሁለተኛው ሲዲ የታለ?"

"ተጭሯል አልኩህ" አሉ ጋሽ ዋቅቶላ።

"እንግዲያው ሌላ ያስገቡልን አቦ!"

"ሁሌ የሚጠብቃት ደንበኛ አለኝ። ዝም ብለህ እይ።"

ሲዲ ምን እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ የዚያ ዘመን ፊልም በሁለት ሲዲ እየተከፈለ ይመጣ እንደነበር፣ የመጀመሪያው ሲያልቅ ቴሌቪዥኑ ድርግም እንደሚል፣ ሁለተኛው የተበላሸ ከሆነም ሌላ ፊልም እንደሚገባ ለተማሪዎቼ ባስረዳ ማንም አያምነኝም። ያኔ የገባኝ ይሄ ነው፤ ሚጣን በየጊዜው የሚያስገቧት ጋሽ ዋቅቶላ ናቸው፣ የሚያስገቧትም ለአንድ ደንበኛ ሲሉ ነው። ያ ደንበኛ ማን ይሆን እያልኩ ክረምቱን ሙሉ ተብሰለሰልኩ። ባለ ጥቁር ቡትሱ ሰውዬ ይመስለኝ ነበር።

የባሰውን የሰማሁት በዚያው ሳምንት ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ እናቴ ከሥራ ስትመለስ፣ ጓጉንቸሩን ከመክፈቷ በፊት ከበሩ ውጭ ከጋሽ ዋቅቶላ ጋር በሹክሹክታ ታወራለች። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

"ዛሬስ እንዴት ዋለች?"

"ሦስቴም መልሳለች። አንዱን ጊዜ ዘግይታብኝ ደንግጬ ነበር፤ ኋላ ግን መለሰች።"

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ቁልፉ?"

"እኔ ጋ ነው። አታስቢ።"

ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው! እናቴም ታውቃለች! ስለ ሚጣ እየተነጋገሩ መሰለኝ። ያን ምሽት ሽሮዬን በላሁ እንጂ እናቴን ቀና ብዬ አላየኋትም።

እናቴ እውነቱን የነገረችኝ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው። ቁልፍ የተባለው የኛው በር መለዋወጫ ነበር፤ እሳት ቢነሳ፣ ብታመም፣ እንዲከፍቱልኝ ለጋሽ ዋቅቶላ የተሰጠ። ግድግዳውን የሚያንኳኩትም እሳቸው ነበሩ። "ሲዲ በቀየርኩ ቁጥር አንኳኳላታለሁ፤ ከመለሰች ደህና ናት ማለት ነው" ብለው ቃል ገብተውላታል። ለኔ ያልተነገረኝ አፌ ወንፊት ስለነበር ነው። አንድ ቀን እህት ጸሐይወርቅ ፊት ባመልጠው፣ እናቴ ልጇን ለቪዲዮ ቤት ባለቤት አደራ መስጠቷ በማግስቱ ቸርች ውስጥ የጸሎት ርዕስ ይሆናል።

ሲዲ በቀየርኩ ቁጥር። ይህን ስሰማ ሳቅኩ፣ ትንሽም ከፋኝ። ሚጣ ለካ አንኳኩታልኝ አታውቅም።

ወደ ክረምቱ ልመለስ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል እህት ጸሐይወርቅ እየተቻኮለች መጣች። ብስራተ ገብርኤል አካባቢ፣ የአማኞች ግቢ ውስጥ፣ አንድ ክፍል ተለቋል። ልጅ የሚጠብቁ አዛውንት እዚያው ግቢ አሉ። እናቴ አለቀሰች፣ ከደስታ ነው። ቅዳሜ እንገባለን ተባለ።

"ቅዳሜ?" አልኩ። "ሚጣስ?"

"ሚጣ ማናት?" አለች እናቴ።

አፌ ወንፊት ቢሆንም ያቺን ቀን ያዝኩት። ቅዳሜ እኔ ከሄድኩ ሚጣ ስታንኳኳ የሚመልስላት የለም። ማንም ሳይመልስላት ማንኳኳት ምን እንደሚመስል ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከቅዳሜ በፊት መውጣት አለባት። እንቅልፍ እንኳ ነሳኝ።

ምን ማድረግ እንዳለብኝ ግን አውቃለሁ። ቸርች ውስጥ የታሰረ ሰው እንዴት እንደሚፈታ በየእሑዱ አያለሁ። ዋናው ነገር ድምፅ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሚጣ እንደ ልማዷ ዞረች፣ ተጣራች፣ ሮጠች፣ በሩ ጓ አለ፣ ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ፣ ኳ ኳ ኳ ተባለ። አፌን ቀዳዳው ላይ ገጥሜ፣ ሆዴ ውስጥ ያለውን ትንፋሽ በሙሉ አሰባስቤ ለቀቅኩት።

"አንተ ክፉ መንፈስ! በኢየሱስ ስም ልቀቃት! ውጣ! ውጣ! አሁኑኑ ውጣ!"

ወጡ። መንፈሱ ሳይሆን ጎረምሶቹ። በጨለማ ውስጥ፣ የሚያስፈራ ፊልም ሲያዩ ቆይተው፣ ከግድግዳ ውስጥ የሕፃን ጩኸት ሲወጣ ማን ይቀመጣል? አንዱ "ኡኡ!" አለ፣ አንዱ "ወላሂ ሰማሁ!" አለ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ተገለባበጡ፣ በሩ ላይ ተደራረቡ። በመጨረሻ ዓይኔን መልሼ ሳደርግ ቤቱ ባዶ ነበር። የሃሩን አንድ እግር ሸራ ጫማ ብቻ ወለሉ ላይ በጀርባው ተጋድሟል።

ከዚያ የጋሽ ዋቅቶላ ሳል መጣ። እንደዚያ ሲስሉ ሰምቼ አላውቅም፤ ይስላሉ፣ ያቆማሉ፣ እንደገና ይጀምራቸዋል፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው ይመቱታል። ቁጣ ነው ብዬ አልጋ ሥር ገባሁ። እናቴ ማታ ስትመጣ እዚያው ነበርኩ።

ከበሩ ውጭ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

"ጋሼ፣ በጌታ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ደንበኞችዎን በተነችብዎት አሉ።"

"ተያት፣ ተያት" ሳሉ እንደገና ተነሳባቸው። "ይቺ ልጅ ግን… ሚጣ እያለች በቀዳዳው የምታወራትን ልጅ ጥላ መሄድ ጨንቋታል።"

"ታዲያ ቀሪውን አያሳዩዋትም?"

"ፈልጌ ያየ ሰው አገኘሁ። መጨረሻዋ አያምርም ነው የሚለኝ።"

አልጋው ሥር ጉልበቴን አቀፍኩ። መጨረሻዋ አያምርም!

"እስኪ ምኗን እንደምታይ ጠይቂያት" አሉ ጋሽ ዋቅቶላ ቀስ ብለው። "ዓርብ ጠዋት አወጣታለሁ።"

እናቴ ገብታ አልጋው ሥር ተንበረከከች። አልተቆጣችኝም። "ሚጣ የምትያትን ልጅ ምኗን ነው የምታዪው?" አለችኝ። እግሯን አልኩ። ባዶ እግሯንና የነጭ ቀሚሷን ጫፍ። ሌላስ? ሌላ አላይም። "በቃ?" "በቃ።" ፊቷ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለና "መጣሁ" ብላ ተመልሳ ወጣች።

ዓርብ ጠዋት እናቴ እንደ ልማዷ ጸልያልኝ ቆልፋ ሄደች። ፀሐይ ወጥቷል፤ ክረምቱ እየተሰናበተ ነው። ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሰይጣን ሥራ የማይገባበት ሰዓት ላይ፣ ግድግዳዬ ኳ ኳ ኳ አለ። ተስፈንጥሬ ወጣሁ።

አግዳሚዎቹ ባዶ ናቸው። ቴሌቪዥኑ በርቷል፣ ድምፅ ግን የለውም። ከመደርደሪያው ጎን አንድ ካርቶን ተጨምሮበታል፤ የሚታየኝ ያው መሐረብ የምታክለው ጥግ ናት። በጥጓ ውስጥ ሣር አለ። አረንጓዴ፣ ለምለም፣ ፀሐይ ያረፈበት ሣር። ጠበቅኩ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት ባዶ እግሮች ገቡ፣ ከላያቸው ነጭ ቀሚስ።

ሚጣ ወጥታለች!

እየሮጠች ነው። ከማንም ሸሽታ አይደለም፤ የሚሸሽ እግርና የሚደሰት እግር ይለያያሉ፣ እኔ ደግሞ የሷን እግር ሳጠና ነው የከረምኩት። ትዘላለች፣ ትዞራለች፣ ቀሚሷ ይነፋል። ከዚያ ወደኔ መጣች፣ ቀረበች፣ ቀረበች፣ በመጨረሻም ሁለቱም እግሮቿ ከሣሩ ተነስተው ወደ ላይ ወጡ። ከጥጉ በላይ ሄዱ። ሣሩ ብቻ ቀረ።

እሑድ ቸርች ውስጥ "ምስክርነት ያለው" ሲባል እጄን አወጣሁ። "ታስራ የነበረች ጓደኛዬ ተፈትታ ወደ ሰማይ ተነጠቀች" አልኩ። ጉባኤው "ሃሌሉያ!" ብሎ ቆመ። ከሁሉ አብልጣ የጮኸችው እህት ጸሐይወርቅ ናት። እናቴ አንገቷን ደፍታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ነበር፤ እኔ የምትጸልይ መስሎኝ ነበር።

በብስራተ ገብርኤል ደስተኛ ሆኜ አደግኩ። በግቢው ልጆች ሞልተዋል፣ ጠባቂዬ አዛውንት ተረት ያውቃሉ። ሚጣ አልናፈቀችኝም፤ ሥራዬን ጨርሼ ነው የሄድኩት።

አምና ግን፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስልኬን ስነካካ፣ አንድ አሮጌ ፊልም ብቅ አለ። ጥቁር ጣውላ፣ ነጭ ቀሚስ፣ ባዶ እግር። ሙሉውን አየሁት፣ በሁለት ዓይኔ። ልጅቷ ሹሩባ የላትም፣ ጥርሷም ሙሉ ነው። ለካ በዚያ ባዶ ቤት ውስጥ የምትጣራው ራሷ የፈጠረችውን ጓደኛ ነው። በመጨረሻም አትወጣም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ፊልሙ አንድ ሰዓት ሙሉ ይቀጥላል፣ እሷም እዚያው ጨለማ ውስጥ ትቀራለች። ሣር የሚባል ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የለም።

ለእናቴ ደወልኩላት።

"እማዬ፣ ያቺ ሣር ላይ የሮጠችው ማን ነበረች?"

ሳቋን ከስልኩ ማዶ ሰማሁት። "እሱን ጋሽ ዋቅቶላን ጠይቂያቸው። እኔም አላየኋትም፤ ቅዳሜ አብረን እንሂድ።"

ግቢው የት እንደነበር ለማግኘት ሁለት ጊዜ ጠየቅን። ከፊት ለፊት ባለ አራት ፎቅ ተሠርቶበታል፤ ከኋላው በቀረችው ቤት በር ላይ በአርባዎቹ መጨረሻ የምትመስል፣ ኋላ ግን ከኔ በአራት ዓመት ብቻ እንደምትበልጥ የነገረችኝ ወፍራም ሴት ተቀበለችን፤ ልጅ ማሳደግ ነው እንዲህ ያደረገኝ ብላ ሳቀች። ገላኔ ትባላለች፣ የጋሽ ዋቅቶላ ልጅ ናት። እሳቸው ሶፋ ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ደክሟል፣ ሳሉ ግን ያው ነው። እናቴ ጮክ ብላ ማን እንደሆንን ነገረቻቸው። ዓይናቸው በራ። ሲልጡት የነበረውን ብርቱካን አስቀምጠው ጠረጴዛውን በጣታቸው መቱት። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ሁለት ጊዜ መለስኩላቸው። እጄ ሳላዘው ነው የመለሰው።

"ደህና ናት!" አሉ ለእናቴ። ሪፖርት ማቅረብ አልረሱም።

ስለ ሣሩ ጠየቅኳቸው። "ሁለተኛውን ሲዲ ባገኘውም አላሳይሽም ነበር" አሉኝ። "ሌላ ልጅ ፈለግኩ። ያለችኝ ደግሞ አንድ ናት።" የወንድማቸው ሰርግ ቪዲዮ ነበር። ከፋሲካ በኋላ፣ ይሄ ሁሉ ሕንፃ መስክ ሳለ የተቀረጸ። ገላኔ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የሙሽራዋ አበባ በታኝ ነበረች፣ አዲሱ ጫማ ሲቆረቁራት አውልቃ ጥላዋለች። በሁለተኛው ዓመት እናቷ አረፈች፤ ገላኔም ለትምህርት ሰበታ አክስቷ ዘንድ ሄደች።

"ያን ክረምት ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ፣ እሷን ከፍቼ አይ ነበር" አሉ። "ብቻዬን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንቺን አንኳኳለሁ። ያቺን የጨለማዋን ልጅ ሳሳይ ቶሎ ትመልሺያለሽ፤ ሌላ ፊልም ከሆነ ትዘገያለሽ፣ ሆዴ ይፈራል።"

እዚህ ማዶ እኔ፣ እዚያ ማዶ እሳቸው፣ በመካከላችን ቺፑድ፤ ሁለታችንም በአንድ ቴሌቪዥን ላይ የሌለች ልጅ ስንጠብቅ ነው የከረምነው።

"እና አንቺ የምታውቂው እግሬን ብቻ ነው?" አለች ገላኔ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሳየችኝ። "ይኸው፣ አርባ አንድ ቁጥር ሆኗል።" እናቴ እስክታነባ ሳቀች።

ሰርጉን ገላኔ በፍላሽ አስገልብጣው ነበር። ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ሰካችው። እናቴ ወንበሯን ወደ ፊት አስጠጋችና ማንም ሳይጠይቃት "ይሄ እንኳ ሰርግ ነው፣ ፊልም አይባልም" አለች።

ይህኛው ድምፅ አለው። ከበሮ፣ እልልታ፣ የሴቶች ዘፈን። ዳሱ ታየ፣ ሙሽሮቹ ታዩ፣ ከዚያ መስኩ መጣ። ነጭ ቀሚስ የለበሰች ልጅ በባዶ እግሯ ሣሩ ላይ ትፈነጫለች። ሹሩባ ተሠርታለች። የፊት ጥርሷ ወልቋል። አንድ የወንድ ድምፅ "ኮቱ፣ ገላኔ! ኮቱ!" እያለ በኦሮምኛ ነይ ይላታል። ልጅቷ ዞራ ወደ ድምፁ ሮጠች፣ ቀረበች፣ ቀረበች። ያን ጊዜ ከጥጉ በላይ የነበረውን አየሁ። ፀጉራቸው ገና ያልሸበተ ጋሽ ዋቅቶላ ጎንበስ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ከብብቷ ሥር ይዘው፣ ከሣሩ ወደ ላይ አነሷት።

እናቴ እጄን ያዘችኝ።

"ልድገመው?" አለች ገላኔ ሪሞቱን ይዛ።

"ድገሚላት እንጂ!" አሉ ጋሽ ዋቅቶላ። "ደንበኛዬ እኮ ናት።"